ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቦክስበርግ

ባለፈው ሰሞን አንድ የሠፈሬ ወጣት ቤቴ ድረስ መጥቶ «ጋሼ፣ ያችን አሮጌ ያሺካዎን አይሸጡልኝም?» አለኝ። ያሺካዬ ሁለት ዓይን ያላት፣ አንገት ደፍተው ከላይ ወደ ውስጥ የሚያዩባት፣ በአንድ ጥቅል ፊልም አሥራ ሁለት ጊዜ ብቻ አንስታ የምትጨርስ ሳጥን ነች። ምን ሊያደርግባት እንደሆነ ብጠይቀው «አገር ላነሳባት ነዋ! ገደሉን፣ ገበያውን፣ የሰዉን ኑሮ። ስልክ ይዋሻል፤ እንዲህ ያለ ካሜራ ግን እውነቱን ነው የሚያወጣው» ሲል መለሰልኝ። ካሜራዋን አልሸጥኩለትም። አነጋገሩ ግን ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። እኔም በእሱ ዕድሜ ሳለሁ ያችን ሳጥን የገዛኋት ይህንኑ አምኜ ነበርና።

ዛሬ ግማሹን ብቻ አምናለሁ። የማምነውን ግማሽ ከማላምነው ለይቶ ያሳየኝ አንድ የፎቶግራፍ መጽሐፍ ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊው ዴቪድ ጎልድብላት በ1982 (ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያሳተመው «በቦክስበርግ»።

ወደ መጽሐፉ ከመግባቴ በፊት ስለ ካሜራው ጥቂት ልበል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንዱ ኔጌቲቭ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው። 120 የሚባለው ሰፊ ፊልም ግን በስም ስድስት በስድስት ሴንቲ ሜትር፣ በትክክል ሲለካ 56 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ጎኑ ሁሉ እኩል ምስል ይሰጣል። ስፋቱ የፊተኛውን ሦስት እጥፍ ተኩል ያህላል። ስለዚህ ምስሉ ጎልቶ ሲታተም የግድግዳው ስንጥቅና የሣሩ ዘለላ ሁሉ ሳይደበዝዝ ይቀመጣል። ቁምነገሩ ግን በጥራቱ ብቻ አይደለም። እንደ እኔ ያሺካ፣ ወይም ጎልድብላት ቦክስበርግን እንዳነሳበት ሃሰልብላድ ያለ ካሜራ ዓይን ላይ አይደገንም፤ ደረት ሥር ይያዛል። አንሺው አጎንብሶ ብርጭቆው ላይ ያያል፤ በብርጭቆው ላይ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይታየዋል። ከግራ የሚመጣን ሰው ከቀኝ የመጣ መስሎት ካሜራውን ወደ ተሳሳተው ጎን ያዞራል፤ ይህን ለመልመድ እኔ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ብርሃኑን ለክቶ፣ ርቀቱን አስተካክሎ፣ ከአሥራ ሁለቱ አንዷን ለማጥፋት እስኪቆርጥ ድረስ መንደርተኛው ሁሉ አይቶታል። ከሩቅ ላየው ሰው እጅ የሚነሳ ይመስላል። በዚህ ካሜራ ሰርቆ ማንሳት አስቸጋሪ ነው።

ጎልድብላት በ1930 ራንድፎንቴይን በምትባል የወርቅ ማዕድን ከተማ ተወለደ። ቤተ ሰቦቹ ከሊትዌንያ የመጡ አይሁድ ናቸው። አባቱ የወንዶች ልብስ ሱቅ ነበራቸው፤ እሳቸው ካረፉ በኋላ በ1963 ሱቁን ሸጦ ሙሉ ጊዜውን ለፎቶግራፍ ሰጠ። ከደራሲዋ ናዲን ጎርዲመር ጋር በ1973 ስለ ማዕድን ማውጫዎቹ መጽሐፍ አሳትሟል። ሶዌቶንም ዞሮ አንስቷል። በ1979 እና 1980 ግን ካሜራውን ይዞ ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ ወዳለችው ቦክስበርግ ሄደ። ምንም ወደማይሆንባት ከተማ ማለት ነው።

መጽሐፉን መጀመሪያ ሳገላብጥ፣ አንባቢ ይቅር ይበለኝና፣ ተሰላቸሁ። ስለ አፓርታይድ የማውቀው የሚያሳድድ ውሻ፣ የሚወድቅ ልጅ፣ የሚቃጠል ጎማ ነበር። እዚህ ግን አንድ ሰው ሣር ያጭዳል። «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰንዋርድ ፓርክ፣ ኤፕሪል 1979» ይላል ከሥሩ። ከኋላው ቤቶች፣ ከቤቶቹ በላይ ሰማይ። ገጹን ገለጥኩ፤ አዲስ የዳንስ ቀሚሷን የለበሰች ትንሽ ልጅ በረንዳ ላይ ቆማለች። በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ቦክሰኞች ግጥሚያ ይጠብቃሉ። ሁሉም ጨዋ፣ ንጹሕ፣ ደግ ሰዎች ይመስላሉ፤ ምናልባትም ነበሩ።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። የጎደለው ሰው አለ። በሕጉ መሠረት ጥቁር ሰው ቦክስበርግ መጥቶ ይሠራል፤ ሣሩን ያጭዳል፣ ልጁን ያዝላል፣ ሱቁን ይጠርጋል፤ ሲመሽ ግን ተለይቶ ወደተሰጠው ሠፈር መሄድ አለበት። ያ ሁሉ ሕግና ያ ሁሉ የይለፍ ደብተር የቆመው ይህች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዳትረበሽ ነው። ጎልድብላት ፖሊሱን ትቶ ፖሊሱ የሚጠብቀውን ነገር አሳየን። ሰውዬው ሣሩን በጸጥታ የሚያጭድበት ጸጥታ በምን እንደተገዛ አንዴ ከተገነዘብክ በኋላ ሥዕሉን እንደ ፊቱ አድርገህ ማየት አትችልም።

ከሁሉ የምትበልጠው የ1980ዋ የገበያ አዳራሽ ፎቶግራፍ ናት። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰኔ መጨረሻ፣ «የቆንጆ እግር» ውድድር ግማሽ ፍጻሜ። ነጭ ሴቶች በዋና ልብስ መድረክ ላይ ወጥተዋል። ከታች ተመልካቹ ተሰብስቧል፤ ነጭም ጥቁርም አንድ ላይ። ጥቁር ሰው እዚህ አዳራሽ ገንዘቡን ሊያወጣ ይፈቀድለታል፤ ቆሞ ማየትም ይችላል። በዚያው ከተማ ቤት መከራየት ግን አይችልም። ባለ 35 ካሜራ ቢሆን ኖሮ አንሺው ከሴቶቹ አንዷን፣ ወይም አፉን የከፈተ አንድ ተመልካች መርጦ ቀልድ ይሠራበት ነበር። እኩል ጎን ያለው ሰፊ ኔጌቲቭ ግን ሁሉንም ፊት እኩል ጥርት አድርጎ ያስቀምጣል፤ ዳኝነቱን ለእኛ ይተወዋል። እኔ ይህን ፎቶግራፍ ባየሁ ቁጥር የምፈልገው መድረኩን አይደለም። ተመልካቾቹን አንድ በአንድ እቆጥራቸዋለሁ፤ እያንዳንዱ ማታ ወዴት እንደሚገባ እጠይቃለሁ።

ጎልድብላት በእነዚያ ዓመታት ለራሱ ሥራ ቀለም ያለው ፊልም አልተጠቀመም፤ ቀለም ለቁጣውና ለፍርሃቱ ጣፋጭ ሆኖበት እንደነበር ኋላ ተናግሯል። ከድርጊቱ ይልቅ ድርጊቱን የወለደውን ኑሮ እፈልጋለሁ የሚል ሰው ነበር። እውነትም ድርጊቱ ወደ ቦክስበርግ ራሱ መጣ። በ1988 ወግ አጥባቂው ፓርቲ የከተማውን ምክር ቤት ካሸነፈ በኋላ መናፈሻውን መልሶ ለነጮች ብቻ ቢያደርገው፣ ጥቁሮቹ ከከተማይቱ ሱቆች መግዛት አቆሙ፤ ያ ገበያና ያ ገንዘብ የማን እንደነበረ ባለ ሱቆቹ ያን ጊዜ አወቁት። ኤፕሪል 10 ቀን 1993 ደግሞ ክሪስ ሃኒ በዚያችው በቦክስበርግ፣ ዶውን ፓርክ በሚባለው ሠፈር፣ በገዛ ቤቱ ደጃፍ በጥይት ተገደለ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ገዳዩ የተያዘው አንዲት ነጭ ጎረቤት የመኪናውን ቁጥር ይዛ ለፖሊስ በመደወሏ ነው። በጎልድብላት መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ደጃፎች ይህን ሁሉ የሚያውቁ ይመስለኛል፤ ገዳዩንም ጎረቤቲቱንም።

ስለ መልክዓ ምድር ፎቶግራፎቹ ብዙ አልልም፤ አንዱን ብቻ ላንሳ። በዚያው በግንቦት 1993፣ ኬፕ ታውን ኪርስተንቦሽ ውስጥ ያነሳው ቁጥቋጦ አለ። የተጠላለፈ ቅርንጫፍ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ከሥሩ የተጻፈውን ስናነብ ግን የመጀመሪያዎቹ የአውሮፓ ሠፋሪዎች የአገሬው የኮይ ሕዝብ ወደ ክልላቸው እንዳይገባ ለመከልከል በ1660 የተከሉት የአጥር ቅሪት ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ ያ የሠፈሬ ወጣት ቢኖር ደስ ባለኝ። እውነቱን ያወጣው ካሜራው ነው ወይስ ጽሑፉ? ጽሑፉን ብትሸፍነው የሚቀርህ ቁጥቋጦ ነው። የጎልድብላት የፎቶ መግለጫዎች ቦታውን፣ ቀኑን፣ የነገሩን ታሪክ ሳይታክቱ ይዘረዝራሉ፤ አንዳንድ ሐያሲ ይህን እንደ ድካም ቆጥሮበታል። ለእኔ ግን የሥራው እኩሌታ እሱ ነው። ሄዶ ጠይቋላ!

አሁን የማላምነውን ግማሽ ልናገር። ያ ሁሉ ዝግታ፣ ያ ሁሉ አንገት መድፋት፣ ለማን ነው የሚፈቀደው? ጎልድብላት በቦክስበርግ ሣር ላይ እንደልቡ ካሜራውን ሲያስተካክል ማንም «የይለፍ ደብተርህን አሳይ» አላለውም። ነጭ ነበርና። ከእሱ አሥር ዓመት የሚያንሰው ኧርነስት ኮል ግን ጥቁር ነው። በዚያው አገር፣ በ1960ዎቹ፣ በትንሽ ካሜራ፣ እየተደበቀ ያነሳ ነበር። የማዕድን ሠራተኞች ራቁታቸውን ግድግዳ ሥር ተደርድረው ሲመረመሩ የሚያሳየውን ዝነኛ ፎቶግራፍ ያነሳው ካሜራውን ከምሳው ጋር በከረጢት ሸሽጎ አስገብቶ እንደሆነ ይነገራል። በ1966 ተሰደደ፤ መጽሐፉ «የባርነት ቤት» በተከታዩ ዓመት ኒው ዮርክ ታተመ፣ በአገሩም ታገደ። በ1990፣ ማንዴላ ከእስር በወጡ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በ49 ዓመቱ እዚያው ኒው ዮርክ ሞተ። የኮል ፎቶግራፎች አንዳንዴ ይዘማሉ፣ አንዳንዴ ይጨልማሉ። የሰውየው እጅ ስለማይረባ አይደለም፤ ለመቆም ፈቃድ ስለሌለው ነው። እንዲያውም ዝመቱ ራሱ ይመሰክራል።

ጎልድብላት ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። በ1989 በጆሃንስበርግ የማርኬት ፎቶ ዎርክሾፕን ማቋቋሙ፣ ያ ፈቃድ ለተነፈጋቸው ወጣቶች ሙያውን ለማስተማር ነው። ያም ሆኖ «በቦክስበርግ»ን «የባርነት ቤት» አጠገብ አስቀምጬ ስመለከት የመጀመሪያው መረጋጋት አንዳንዴ ያስቀናኛል፤ አንዳንዴም ያናድደኛል። ሁለቱ አንድ ላይ መነበብ ያለባቸው ይመስለኛል፤ አንዱ ሌላውን ያርማል። የኔጌቲቮቻቸው ዕጣ እንኳ ተመሳስሏል። ከ60,000 በላይ የኮል ኔጌቲቮች በ2017 ስቶክሆልም በባንክ ካዝና ውስጥ ተገኙ። በዚያው ዓመት ጎልድብላት፣ በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሥዕል ሥራዎችን ካቃጠሉ በኋላ፣ ክምችቱን ከዚያ አውጥቶ ለአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ሰጠ፤ በተከታዩም ዓመት አረፈ።

ስለ ፈቃድ ካነሳሁ የራሴን ላውጋ። ጥቂት ዓመታት ይሆነዋል፤ ፒያሳ አንድ የእንጨት ሰገነት ያለው አሮጌ ቤት ፊት ለፊት ያሺካዬን ደቅኜ ቆምኩ። ሦስት ጊዜ አነሳሁ። ለአራተኛው አጎንብሼ በብርጭቆው ውስጥ ሳይ አንድ ዘበኛ እጁን አንስቶ ከቀኝ ይመጣል። ቀና ብዬ ወደ ቀኝ ብዞር ሰው የለም፤ ሰውየው በግራዬ ደርሶ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ጌታዬ፣ ደብዳቤ ይዘዋል?»

«የምን ደብዳቤ?»

«ለማንሳት የሚያስፈቅድ ነዋ። ከላይ።»

ከላይ ማን እንደሆነ እሱም እኔም አናውቅም። በስልኩ የሚያነሳ ጎረምሳ በአጠገባችን ሲያልፍ ምንም አላለውም፤ የእኔ ሳጥን ግን አስፈራችው። ጥቂት ከተጨዋወትን በኋላ ለዘበና። እዚያው ግቢ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደኖረ፣ ሰገነቱ ላይ ዱሮ አንዲት አሮጊት ይቀመጡ እንደነበር ነገረኝ። ካሜራውን ከፍ አድርጌ በብርጭቆው ባሳየው ሳቀ። «ዓለም ተገልብጣለች እኮ!» አለኝ። ከዚያ ስለመሸብኝ ሄድኩ።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ያ ቤት አብሮ ፈረሰ። ፊልሙን አሳጥቤ ነበርና ሰሞኑን፣ በዚያ ወጣት ምክንያት፣ ፈልጌ አወጣሁት። ሦስቱ የቤት ፎቶግራፎች ጥርት ያሉ ናቸው፤ የሰገነቱ ፍልፍል ሥራ፣ የቆርቆሮው ዝገት፣ የመስኮቱ ብርጭቆ ስብራት ይቆጠራል። አራተኛው ዝሟል፤ በድንጋጤ ጣቴ ማንሻውን ነክቶት ኖሯል፤ የዘበኛው የተነሳ እጅና ግማሽ ፊቱ ይታያል። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ባየው በእርሳስ የጻፍኩት «ፒያሳ፣ አሮጌ ቤት» የሚል ነው። ቤቱን ማን እንዳሠራው የለበትም። የአሮጊቷ ስም የለበትም፤ ዘበኛውንም ስሙን አልጠየቅኩትም። ቀኑን እንኳ አልጻፍኩም።