የምቆጥረው ጥያቄ ነው

ትከሻ ጀርባ ሆኖ ያለፈበትን ቀን አልረሳውም። ከጣሊያንኛ ወደ ስፓኒሽ የሚመለሱ ሳይንሳዊ ጽሑፎችን ለተርጓሚዎች ማከፋፈል በጀመርኩ ሰሞን፣ ስለ ትከሻ ሕክምና የተጻፈ መጣጥፍ ሁለቱንም ቋንቋ እንደ ውሃ ለጠጣ ሰው ሰጠሁ። ጣሊያኖች ትከሻን «ስፓላ» ይሉታል፤ የስፓኒሹ «ኤስፓልዳ» ግን ጀርባ ነው። ትርጉሙ ሲነበብ ያምራል፣ የታከመው የሰውነት ክፍል ግን ሌላ ሆኗል። ስህተቱን ያገኘችው ደንበኛችን የነበረች ሐኪም ናት።

መዘዙ የሚመጣው ከቋንቋዎቹ ዝምድና ነው። ሁለቱም የላቲን ልጆች ስለሆኑ ተርጓሚው መዝገበ ቃላት መግለጥ ይሰለቻል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል። እኛስ ብንሆን የግእዙን «ከልብ» በአማርኛ ጆሮ ስንሰማው ፍቅር ይመስለን የለ? ግእዙ ግን ውሻ ማለቱ ነው። «ቶፖ» ሮም ላይ አይጥ፣ ማድሪድ ላይ ፍልፈል ነው፤ የቤተ ሙከራ ዘገባ ላይ ይህ አያስቅም። የጣሊያንኛው «ሚሊያርዶ» አንድ ሺህ ሚሊዮን ነው፤ የስፓኒሹ «ቢዮን» ደግሞ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን። የእንግሊዝኛውን ቢሊዮን የለመደ እጅ አንዱን በሌላው ሲተካ ቁጥሩ ሺህ እጥፍ ያብጣል።

ታዲያ ሰው ከየት ይገኛል? የሚጻፈው በስፓኒሽ ነውና መጀመሪያ የምፈልገው በስፓኒሽ አፉን የፈታ ሰው ነው። በ1950 የተመሠረተው የጣሊያን ተርጓሚዎችና አስተርጓሚዎች ማኅበር፣ የስፔኑ የተርጓሚዎች ማኅበር አሴትራድ፣ የሕክምና ተርጓሚዎችን የሚያሰባስበው ትሬሜዲካ መነሻ ይሆኑኛል። የ2015ቱ አይኤስኦ 17100 ደረጃም ይረዳል፦ በትርጉም ዲግሪ፣ ወይም በሌላ ትምህርት ዲግሪና የ2 ዓመት የትርጉም ሥራ፣ ወይም የ5 ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ ትርጉሙን ሌላ ሰው ከመነሻው ጋር አስተያይቶ እንዲያርመውም ያዛል። ወረቀቱ ግን ሰውየው የሚተረጉመው ነገር ይገባው እንደሆነ አይነግረኝም።

የነርቭ ሳይንስ ታሪክ ሲመጣ ይህ ጎልቶ ይታያል። ጣሊያናዊው ጎልጂ በ1873 ያስተዋወቀውን የሕዋስ ማቅለሚያ ስፔናዊው ካሃል አሻሻለው፤ በ1906 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። በአንድ ማቅለሚያ እያዩ ግን አልተስማሙም፦ ጎልጂ ነርቮች የተያያዘ መረብ ናቸው ሲል፣ ካሃል እያንዳንዱ ሕዋስ ራሱን የቻለ ነው አለ። እንግዲህ ጎልጂ «ሬቴ»፣ ማለትም መረብ፣ ብሎ ሲጽፍ ቃሉ የሙግቱ ማዕከል ነው። ክርክሩን የማያውቅ ተርጓሚ እንደ ተራ ምሳሌ ቆጥሮ ባማረ ሌላ ቃል ይተካዋል።

ስለዚህ ዛሬ ፈተናዬ አንድ ገጽ ነው፤ ከትርጉሙ እኩል የማየው አብሮት የሚመጣውን ጥያቄ ነው። አንድ ጊዜ ስለ መድኃኒት መጠን የሚናገር ገጽ ለሁለት ሰዎች ላክሁ። አንዱ በማግስቱ ጥርት ያለ ትርጉም መለሰ፣ አንድም ጥያቄ የለውም። ሁለተኛዋ በሦስተኛው ቀን ጻፈችልኝ፦ «ጽሑፉ ሚሊግራም ይላል፣ ሰንጠረዡ ማይክሮግራም። የትኛውን ልያዝ?»

ደራሲውን ጠየቅሁት፤ ተሳስቶ ኖሯል። ገጹን ለፈተና ስመርጥ እኔም ሁለት ጊዜ አንብቤው ነበር።