«ፈሳሽ ጋዝ»፦ ስለ አንድ አሻሚ ስያሜ

በኦጋዴን የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ የተገኘው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ የማምረቻው የመጀመሪያ ምዕራፍ የተመረቀው መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ጋዙ ለተሽከርካሪ ነዳጅነት ሲታሰብ ግን ስያሜው ገና አልጠራም፤ በአማርኛ «ጋዝ» ላምባም፣ ቡታጋዝም ነውና።

በ200 ባር ያህል ግፊት በሲሊንደር የሚሞላውን «እምቅ የተፈጥሮ ጋዝ» ያልነው እንደሆነ፣ «እምቅ ሀብት» ከሚለው ልማድ የተነሣ ገና ከምድር ያልወጣ ክምችት ያስመስለዋል። «የታመቀ» ማለት ይሻላል፤ ድርጊቱ መፈጸሙን ቃሉ ራሱ ይናገራል።

ይበልጥ የሚያሰጋው «ፈሳሽ ጋዝ» የሚለው አጭር አጠራር ነው። ከዜሮ በታች እስከ 162 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሚሆነውን ሚቴንና በመጠነኛ ግፊት ፈሳሽ የሚሆነውን ቡታጋዝ አንድ ያደርጋቸዋል። ሁለቱ ቢያፈተልኩ፣ ሚቴን ሙቀት ሲያገኝ ከአየር ቀልሎ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ቡታጋዝ ግን ከብዶ ወለል ላይ ይተኛል።

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ሐረር በሚወስደው ጎዳና ላይ በምትገኘው ጭሮ (የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ) ያለ መካኒክ የተተረጎመ መመሪያ ቢደርሰው፣ የጋራዡን አየር ማስወጫ ከላይ ወይስ ከታች እንደሚከፍት በስያሜው ይፈርዳል። ስለዚህ «ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ» ሲጻፍ፣ «የተፈጥሮ» የሚለው ገላጭ ለማሳጠር ተብሎ ሊጣል አይገባም።