ከጀልባ ሆድ የተገኘ ቀለም

ጥቅምት ሲጋመስ አናፖሊስ ላይ ጀልባዎች ከውሃ መውጣት ይጀምራሉ። በሰፋፊ ቀበቶ ታዝለው ከባሕሩ ይነሡና ግቢው ውስጥ በእንጨትና በብረት ድጋፍ ላይ ይቆማሉ፤ ሠራተኞቹም በኃይለኛ የውሃ ግፊት ያጥቧቸዋል። በጋውን ሙሉ ውሃ ውስጥ ተሸሽጎ የከረመው ሆዳቸው ለዓይን የሚገለጠው ያን ጊዜ ነው። የግቢውን ኃላፊ አስፈቅጄ፣ ካሜራዬን ይዤ ከሲልቨር ስፕሪንግ የምነዳው ለዚያ ሆድ ስል ነው።

የጀልባ ሆድ ቀለም ለጌጥ አይቀባም። አብዛኛውን ጊዜ መዳብ አለበት፤ መዳቡ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ሲለቀቅ ዛጎል ለባሽ ፍጥረታትና አልጌ እንዳይጣበቁበት ይከላከላል። እንዲያልቅ ተብሎ የተሠራ ቀለም ስለሆነም ባለቤቱ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ሌላ ይደርብበታል። ዘንድሮ ቀይ፣ ካቻምና ሰማያዊ፣ ጀልባውን የሸጠለት ሰው ደግሞ አረንጓዴ ቀብቶት ይሆናል። ሠራተኛው በመፋቂያ ሲፍቀው አንዱ ዓመት ከሌላው ሥር ብቅ ይላል። እኔ ከዚያ ሁሉ የምወስደው ከሁለት መዳፍ የማይበልጥ ቦታ ነው፤ ጀልባው ጀልባነቱን የሚተውበት፣ ቀለሙ ብቻ የሚቀርበት።

እነዚህን ፎቶዎች ይዤ የምቀርበው ወር በገባ ቁጥር በምንገናኝበት የፎቶ ክለብ ውድድር ላይ ነው። ነርስ አለን፣ የሒሳብ ሠራተኛ አለን፣ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ አለን፤ ለፍቅር እንጂ ለእንጀራ ፎቶ የሚያነሣ የለም። ከውጭ የተጋበዘ ዳኛ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ ፎቶው ያለ አንሺው ስም ሸራው ላይ ይወጣል፣ ርእሱ ይነበባል። ዳኛው ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ይናገርና ነጥቡን ይሰጣል። ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። የጉጉት ወፍ አልፎ፣ የፀሐይ መግቢያ አልፎ፣ የሕፃን ፈገግታ አልፎ የእኔ ቀይና ሰማያዊ ይመጣል። አዳራሹ ውስጥ ጥያቄው ሳይነገር ይሰማኛል፦ ይሄ ምንድን ነው?

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያን ጥያቄ እወደው ነበር። እንዲጠየቅልኝ ብዬ ነገሩን እሸሽግ ነበር፤ ርእሱንም «ሕልም» ወይም «ስንብት» እያልኩ መጋረጃ እደርብበት ነበር። አንድ ምሽት ዳኛው ዝገት ይሆን፣ ካርታ ይሆን፣ ከአውሮፕላን የታየ በረሃ ይሆን እያለ ጊዜውን በሙሉ በመገመት ጨረሰና ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥቶ አለፈ። ተናድጄ ቤቴ ገባሁ። ንዴቱ ሲበርድ ግን ሰውየው ያደረገው እኔ ያዘዝኩትን እንደሆነ ገባኝ። እንቆቅልሽ ብዬ ነበር፤ «ምን አውቅልህ» ብሎ ሊፈታልኝ ሞከረ። የተፈታ እንቆቅልሽ ደግሞ ሁለተኛ አይጠየቅም። ፎቶዬ መልሱ ሲታወቅ የሚያልቅ ከሆነ፣ ቀለሙ ምንም ሥራ አልሠራም ማለት ነው።

አብስትራክት የሚባለውን ሥዕል በአማርኛ «ረቂቅ» እንለዋለን። የቤተ ክህነት ሰዎች ይህን ቃል ከ«ግዙፍ» ጋር ያጣምሩታል፤ የሚዳሰሰውና የሚጨበጠው ግዙፍ፣ ለዓይንና ለእጅ የማይገዛው ረቂቅ። ይህ ጥንድ ስለ ፎቶግራፍ ካነበብኩት ብዙ ነገር የበለጠ ጠቅሞኛል። ሠዓሊ ከባዶ ሸራ ተነሥቶ ወደ ረቂቁ መድረስ ይችላል። የሐረሩ ተወላጅ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ረቂቅ ሥዕሎቹን ሲያሳይ፣ ቀዩን ከየት እንዳመጣው ማንም በማስረጃ ሊጠይቀው አይችልም ነበር። ፎቶ አንሺ ግን ግዙፉን ማምለጥ አይችልም። ሌንሱ ፊት የሆነ ነገር መቆም አለበት፣ ብርሃንም ከዚያ ነገር ላይ ነጥሮ መምጣት አለበት። ስለዚህ ረቂቅ ፎቶ ሁልጊዜ ሁለቱንም ይሸከማል። ግዙፉን መደበቅ ሳይሆን፣ ግዙፉ ታውቆም ረቂቁ ሳይፈርስ እንዲቆም ማድረግ ነው ሥራው።

ቀደምቶቹ ይህን ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ። ፖል ስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1916 የበረንዳ ጥላ አነሣ፤ በረንዳ እንደሆነ ብታውቅም ጥላው ዛሬም ይይዝሃል። በዓመቱ አልቪን ላንግደን ኮበርን በመስተዋቶች የተሰባበሩ ምስሎችን ሠራ። በኋላ አሮን ሲስኪንድ የተላላጠ ግድግዳ እያነሣ ብዙ ዓመት ኖረ። እነዚህ ሥራዎች ግን ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ ደግሞ ገና ከመነሻው ከዓለም አንድ እርምጃ ይርቅልሃል። ቀለም አይርቅም። ቀለም ዝገቱን ዝገት፣ ሣሩን ሣር እያለ ይጠራዋል። ለዚህ ነው ኧርንስት ሃስ የቀደደው መንገድ የሚገርመኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የቀለም ፎቶዎቹን ሲያሳይ፣ ከባድ ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ነው የሚለው አስተሳሰብ ገና ሥር እንደሰደደ ነበር።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ዘንድ በከረመችበት ዓመት ለውድድር የመረጥኩትን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ አሳየኋት። መነጽሯን አስተካክላ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ቀዩ አፍኖታል» አለችኝ። «ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ብትተውለት ሰማያዊው ይተነፍስ ነበር።»

«እማዬ፣ ምን እንደሆነ እኮ አልጠየቅሽኝም።»

«ምንስ ቢሆን? ቀለም አይደለም እንዴ?»

ዕድሜዋን በሙሉ ጥለት ስትመርጥ የኖረች ሴት ናት። ሽሮ ሜዳ ነጠላ ስትገዛ የጥለቱን ቢጫ ከአረንጓዴው አጠገብ አይታ «ይጣላሉ» ብላ የምታስቀር፣ የመሶብ አለላ ስታይ ወይን ጠጁ የትኛው ረድፍ ላይ ሊገባ እንደሚገባ የምታውቅ። በጥለት ላይ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ረቂቅ ቀለም ለእኛ እንግዳ ነው ሲባል የማልስማማው ለዚህ ነው፤ በትከሻችን ለብሰነው፣ በዙሪያው ተቀምጠን በልተንበታል። ፎቶውን እንዳለችኝ ቆረጥኩት። ከቀዩ ሁለት ሦስተኛው ሄደ፣ የቀረው ጠባብ ሰንበር ሆኖ ዳር ላይ ቆመ። ትክክል ነበረች።

አሁን ጥቅምት ላይ ስሠራ ከሁሉ በፊት የማየው ሰማዩን ነው። ደመናማ ቀን እመርጣለሁ። ፖላራይዘር ነጸብራቅ ያጠፋል ይባላል፤ ልክ ነው፣ ግን በደንብ የሚሠራው ወደ ገጹ በሰያፍ ስታይ ነው። እኔ ደግሞ ሌንሱን ከጀልባው ሆድ ፊት ለፊት አቀናለሁ፤ ካልሆነ አንዱ ዳር ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል። ፊት ለፊት ስትቆም እርጥብ ቀለም የሚያንጸባርቀው ከጀርባህ ያለውን ሰማይና አንተኑ ስለሆነ ጥቁር ካፖርት እለብሳለሁ። ሆዱ ጎባጣ ነውና አፐርቸሩን ኤፍ 11 ላይ አድርጌ፣ ካሜራውን በትራይፖድ አቁሜ በዝግታ አነሣለሁ። ጀልባው ታጥቦ ሳይደርቅ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውድ ናቸው፤ ሲደርቅ ቀለሙ አመድ ይለብሳል።

ቀይ ከሁሉም አታላይ ነው። ካሜራው ጀርባ ላይ ያለው ጠቅላላው የብርሃን ስርጭት ሥዕል፣ ሂስቶግራሙ፣ ሁሉም ደህና ነው እያለ የቀዩ ድርሻ ብቻውን ሞልቶ ሊፈስ ይችላል። ያኔ የመፋቂያው ጭረት ሁሉ ጠፍቶ ቀዩ እንደ ወጥ ጨርቅ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በኮምፒውተር የሚመለስ ነገር ጥቂት ነው። ሦስቱን ቀለሞች ለየብቻ የሚያሳየውን ሂስቶግራም እያየሁ ብርሃኑን በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ እቀንሳለሁ። የነጭ ሚዛኑንም ለካሜራው አልተውለትም፤ ሌንሱ ውስጥ ያለው በሙሉ ሰማያዊ ሲሆን ካሜራው መብራቱ የተበላሸ መስሎት ሰማያዊውን ሊገድል ይሞክራል። 5500 ኬልቪን አካባቢ አስሬ እተወዋለሁ።

አንድ ዓመት ፎቶውን ፕሮጀክተሩ ወደሚያነበው የቀለም ሥርዓት፣ ወደ ኤስ-አር-ጂ-ቢ፣ ሳልቀይር በአዶቢ አር-ጂ-ቢ ልኬ፣ ፕሮጀክተሩ ላይ ቀዩ የደከመ ጡብ መስሎ ወጣ። ስህተቱ የእኔው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመላኬ በፊት በተቀየረው ፋይል ላይ እንደገና ተቀምጬ ዓይኔ እስኪለምደው አያለሁ። በዚያው ወንበር ላይ ከሌላ ፈተና ጋር እታገላለሁ፤ ድምቀቱን ጨምር ጨምር የሚል። ግማሽ ደቂቃ ብቻ በሚታይበት አዳራሽ የሚጮህ ቀለም ቶሎ ይሰማል። ጨምሬ ነጥብ ያገኘሁበት ጊዜ አለ፤ እነዚያን ፎቶዎች ዛሬ ማየት ያሳፍረኛል። ክለቦች ሁሉ ከመዳኘታቸው በፊት ፎቶዎቹን አንድ ዙር በዝምታ ቢያሳልፉ ደስ ይለኛል። ዝግ ያለ ቀለም ሁለተኛ ሲታይ ነው የሚናገረው።

ርእስ ላይም መጋረጃውን አንሥቻለሁ። እናቴ ያስቆረጠችኝን ፎቶ «የጀልባ ሆድ፣ ጥቅምት» ብዬ ላክሁት። ርእሱ ሲነበብ ዳኛዋ ለመገመት አልቸኮለችም፤ የሚገመት ነገር አልነበረምና። ስለ ቀዩ ሰንበር አወራች፣ ሰማያዊውን እንዴት ወደ ኋላ እንደሚገፋው፣ ዓይኗ ነጩ ጭረት ላይ ሄዶ እንዴት እንደሚያርፍ። ሦስተኛ ወጣ። የምስክር ወረቀቱን ለእናቴ በፖስታ ላክሁላት።

ውድድሩን የማልተወው ስለ ደረጃው ብቻ አይደለም። ቤቴ ተቀምጬ ፎቶዬን ሳይ እኔ ጀልባውን አውቀዋለሁ፤ ቅዝቃዜውን፣ የቀለሙን ሽታ፣ ግቢው ውስጥ ይሰማ የነበረውን ሬዲዮ ሁሉ አብሬ አያለሁ። እነሱ ፎቶው ውስጥ ይኑሩ አይኑሩ እኔ መለየት አልችልም። ምንም የማያውቅ እንግዳ ዓይን ጨለማ ውስጥ ሲያየውና ዝም ሲል፣ ወይም ሳያይ ሲያልፈው፣ የእኔ ትዝታ የቱ ጋ እንዳበቃና ፎቶው ከየት እንደጀመረ አውቃለሁ። ይህን ሌላ ቦታ አላገኘሁትም።

ባለፈው ጥቅምት እቃዬን ሰብስቤ ልወጣ ስል አንድ ሠራተኛ በመፋቂያው ጠራኝ። ለዓመታት ሲያየኝ ሰላምታ ብቻ ነበር የምንለዋወጠው። ከአንዲት አሮጌ ጀልባ ሥር ተንበርክኮ፣ ከቀዩ በታች፣ ከጥቁሩም በታች ያገኘውን አሳየኝ፤ ከአውራ ጣት የማይሰፋ ቢጫ። «ይቺን አልፋቃትም፣ ቶሎ በል፣ ዝናብ እየመጣ ነው» አለኝ። ትራይፖዱን እንደገና ዘረጋሁና ጉልበቴን ጠጠሩ ላይ አሳረፍኩ። ቢጫው ገና እርጥብ ነበር።