ባቲና ኮንጋ

ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ያሳተማቸውን ሁለት «አፍሮ ላቲን ሶል» ሸክላዎች «የፈረንጅ ግልባጭ» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እንዴ! አዳምጦ መተቸት አይሻልም?

ቡድኑ «የኢትዮጵያ ኩዊንቴት» ይባል እንጂ ተጫዋቾቹ በአብዛኛው የፖርቶ ሪኮ ልጆች ነበሩ። የአነስተኛ ቡድን ፈተናው አንዱ ከሌላው ጀርባ መደበቅ አለመቻሉ ነው፤ እዚህ ቫይብራፎኑና ፒያኖው እንደ ቡና ጎረቤት እየተቀባበሉ ያወራሉ። ይህን ግልባጭ ማለት ግፍ ነው።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው፦ ኮንጋው። እኛ ከሚሴ አካባቢ መንዙማ ሲባል ከበሮው ቀስ ብሎ ይጀምርና ከሰዉ ስሜት ጋር እየጋለ ይሄዳል። ሸክላው ላይ ግን ኮንጋው ከጅምሩ ይነጉዳል፤ ዜማው ደግሞ እሱን ላለማጣት ይሮጣል። ባቲን ያህል ቅኝት፣ ስሙን ሰኞ ገበያዋ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን ከምታገናኘው ከተማችን ጋር የተጋራው ማለቴ ነው፣ አምስት ድምፅ ብቻ ይዞ የሚያስተክዘው በመሃል ዝም የሚልበት ቦታ ስላለው ነው። ዝምታውን ኮርድና ምት ከሞሉት ምን ይቀራል?

ሙላቱም ይህን የሰማው ይመስለኛል። «መስከረም ሲጠባ»ን በ1966ቱም፣ በ1972 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ም ቀርጾታል። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ። በመጀመሪያው ላቲኑ ጋባዥ፣ ቅኝቱ እንግዳ ነው። በሁለተኛው ቅኝቱ ቤቱ ገብቶ ተቀምጧል፤ ምቱም ይጠብቀዋል።