ሳይፈቱ ማወቅ

ለዓመታት ጋራዥ ውስጥ ቆማ የኖረች ቮልስ ሞተሯ ተነስቶ ማርሽ አልገባ ሲላት፣ ችኩል ሰው «ካምቢዮው አልቋል» ብሎ ይፈርዳል። እኔ የማደንቀው መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ሞተሩን የሚያጠፋውን መካኒክ ነው። ጠፍታ ሳለች አራቱም ማርሾችና ሬትሮማርሹ ያለ ችግር ከገቡ፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን እየተፋጩ እምቢ ካሉ፣ ጥርጣሬው ከካምቢዮው ወደ ፍሪሲዮኑ ይዞራል። ወይ ገመዱ ላልቷል፣ ወይ ሸራው በእርጥበት ዝጎ ከቮላኖው ጋር ተጣብቋል። ይህን ለማወቅ እጅና እግር ብቻ በቃ፤ እንዴት ያለ ውብ ብልሃት ነው!

ጠፍታም ካልገባላት ከኋላ ወንበር ሥር ያለችውን ትንሽ ክዳን ይከፍታል። የማርሹን ዘንግ ከካምቢዮው የሚያያይዘው ማገናኛ እዚያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የተበላ ቡሽ ነው።

ከዚያ ዘይቱ። በቮልስ ካምቢዮና ዲፈረንሻል አንድ ቤት ስለሚጋሩ፣ የሚፈሰው ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ዘይት የሁለቱንም ጤንነት ይናገራል። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። የሚያብለጨልጭ የነሐስ ብናኝ ካለበት የሲንክሮናይዘር ቀለበቶቹ ተበልተዋል። በማፍሰሻ ቡሎኑ ማግኔት ላይ የተለጠፈ ስስ ግራጫ ጭቃ የዕድሜ ነገር ነው፤ የጥርስ ስባሪ ከተገኘ ግን መፍታት ግድ ይላል።

ጎበዙ መካኒክ የተሠራችበትን ዓመትም ይጠይቃል። ከ1960 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠሩት ቮልሶች አንደኛ ማርሽ ሲንክሮናይዘር ስለሌለው፣ እየሄዱ ወደ አንደኛ ሲመልሱት መጮሁ ተፈጥሮው ነው።