ስም የለሾቹ አራት ድምፆች

«አኖኒመስ ፎር» በ1986 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የተመሠረተ፣ የአራት ሴቶች የዜማ ቡድን ነበር። ስሙን የተዋሱት በ13ኛው መቶ ዘመን ስለ ፓሪሱ ኖትርዳም ዜማ ከጻፈ ስሙ ያልታወቀ ሰው ነው። የመካከለኛውን ዘመን የአውሮፓ ዜማ ያለ መሣሪያ፣ በቀጭን ድምፅ ብቻ እያዜሙ እስከ 2015 ዘለቁ።

«ይህ እኮ የወንዶች ካህናት ዜማ ነው፤ ሴቶች ምን ቤት ናቸው?» የሚል አይጠፋም። የዚያ ዘመን ኖታ ግን ዜማው እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ እንጂ ከየትኛው ከፍታ እንደሚነሣ አይወስንም። ደግሞስ ሂልደጋርድ ዜማዋን የደረሰችው ለሴቶች ገዳም አልነበረም እንዴ?

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። በመጀመሪያው አልበማቸው፣ በ«አን ኢንግሊሽ ሌዲማስ»፣ አራቱ እንደ አንድ ሰው ሲተነፍሱ መቼም ያስደንቃሉ። ግን ምስጋናውም ልመናውም በዚያው በጠራ ድምፅ ሲመጣ ጆሮ ይለምደዋል። ለማኝ ድምፁ ትንሽ አይሻክርም ወይ? ኋላ በ«አሜሪካን ኤንጅልስ» ወደ አሜሪካ የገጠር መዝሙሮች ሲዞሩና አንዳንዴም አንዷ ብቻዋን ስታዜም፣ የሰው ጉሮሮ ተሰማ። ከዚያ በኋላ አራቱ ሲገጥሙ ኅብረቱ ይበልጥ ይጥማል። ማን ከማን ጋር እንደተባበረ ታውቋላ!