የቆሮሶ አፍ

ልደታ ዓሣ ቤት ገብቶ ሙሉውን የተጠበሰ ቆሮሶ ያዘዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥጋውን ለቃቅሞ ጭንቅላቱን ይተወዋል። እኔ ግን ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው ባይ ነኝ። የስንጥቡን ክዳን ገለጥ አድርጋችሁ ጉሮሮውን ብትፈትሹ ከኋላዋ ሰፋ ብላ ወደ ፊት የምትሾል፣ ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት ታገኛላችሁ። እጠቧትና ወደ ብርሃን አስጠጓት። ሰፊው ገጿ ላይ የተተከሉት ጥርሶች በጣም ቀጭንና የተጠጋጉ ስለሆኑ አንድ በአንድ ለመቁጠር አይመቹም፤ በጣት ሲዳሰሱ ከፋይ ይመስላሉ።

ይህች የዓሣው ሁለተኛ መንጋጋ ናት። ቆሮሶ የሚመደብበት የሲክሊድ ቤተሰብ ዓሦች ከፊተኛው መንጋጋ ሌላ ጉሮሯቸው ውስጥ የሚያላምጥ መንጋጋ አላቸው፤ ታችኛው ክፍሉ ሁለት አጥንቶች ተጋጥመው አንድ የሆኑበት ነው። ማላመጡን ጉሮሮ ስለተረከበው የፊተኛው አፍ ለሌላ ሥራ ነፃ ወጣ። በደቡብ አሜሪካ ወንዞች የሚኖረው ጂኦፋገስ የተባለው ዘመዱ አሸዋ በአፉ ሙሉ ዝቆ የሚበላውን ያስቀራል፣ አሸዋውን በስንጥቡ ያፈሰዋል። የእኛው ቆሮሶም አሸዋ ይዝቃል፤ የሚዝቀው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው።

ምግቡን በአብዛኛው የሚያጠልለው ከውሃው ነው። የዝዋይንና የሐዋሳን ሐይቅ አረንጓዴ የሚያደርጉት አልጌዎች ለዓይን የማይታዩ ደቃቆች ናቸው። ውሃው በአፍ ገብቶ በስንጥብ ሲወጣ በስንጥቡ ቅስቶች ላይ የተደረደሩት ዘንጎችና አፉ ውስጥ የሚመነጨው ልጋግ አልጌውን ይዘው ያስቀራሉ፣ የጉሮሮው መንጋጋ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ቀጥሎ ያለው ጨጓራ ደግሞ ራሱን የቻለ ድንቅ ነው። ዩጋንዳ ውስጥ በጆርጅ ሐይቅ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ጥናት የጨጓራው አሲድ እስከ ፒኤች 1.4 እንደሚወርድ አሳይቷል። ብዙ እንስሳት የሚያቅታቸውን የሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ግድግዳ የሚሰብረው ይህ አሲድ ነው። ሌሊት ጨጓራው ባዶ ነው፤ ማለዳ መብላት ሲጀምር አሲዱ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ስለዚህ ጠዋት መጀመሪያ የተዋጠው አልጌ ሳይፈጭ፣ አረንጓዴ እንደሆነ ያልፋል።

አሸዋው የሚዛቀው ለጎጆ ነው። የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ ወንዱ ውሃው ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻ ይወጣል፣ ቦታ ይይዛል፣ ሌላ ወንድ ሲመጣ ያባርራል። አፉን አሸዋው ላይ ይተክላል፣ ይዝቃል፣ ዳር ወስዶ ይተፋል፣ ተመልሶ ይዝቃል። እጅና መሣሪያ የሌለው ፍጡር በዚህ ምልልስ ብቻ ዙሪያው ከፍ ያለ ክብ ጎድጓዳ ያበጃል። ከጎኑም ሌሎች ወንዶች የየራሳቸውን ይቆፍራሉ። ሴቲቱ መጥታ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች፣ ወዲያው በአፏ ሰብስባ ትሄዳለች። ያ ሁሉ የተደከመበት ጎጆ ጫጩት አያድግበትም፤ እሱ ግን ሌላ ሴት እየጠበቀ ያጸዳዋል።

እናትየው ውስጥ የሚሆነው ከሁሉ ይበልጥብኛል። በመቶ የሚቆጠሩ ቢጫ እንቁላሎች አፏ ውስጥ ናቸው። ንጹሕ ውሃ እንዲደርሳቸው ዘወትር ታገላብጣቸዋለች፤ ከእነዚያ የጉሮሮ ጥርሶች ፊት ለፊት ሆነው አይጎዱም። በሞቃት ውሃ በአምስት ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ፣ አስኳላቸውን እስኪጨርሱም እዚያው ይቆያሉ። በነፃነት መዋኘት ከጀመሩ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተሯሩጠው ወደ አፏ ይገባሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አትበላም ማለት ይቻላል።

ዳር ዳሩን የሚጎተት መረብ ሁለቱንም ሥራ ባንድ ጊዜ ያበላሻል፦ የአሸዋ ጎድጓዳዎቹን ይጠርጋል፣ የተያዙት እናቶችም እንቁላላቸውን መረቡ ላይ ይተፋሉ። በመራቢያ ወራት ዳርቻውን ለዓሦቹ ብንተውላቸው እወዳለሁ።